ጥር ላይ ሙሽራ ወደ ባህር ለምትልኩ ሁሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን

ይድረስ ለአስጎብኚ ድርጅቶች፣ ለጉዞ አዘጋጆች፣ ቴሌግራም ላይ የጫጉላ ፓኬጅ ለምትለቁ ልጆች፣ ለሙሽራ ቲኬት ለምታዋጡ ሚዜዎችና ዘመዶችም ጭምር

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ስራዬ ፋርማሲ ነው፣ እና ሰው ከጉዞ በፊትም ከጉዞ በኋላም እኔ ጋ ብቅ ይላል፣ በፊት ሲመጣ ሰንስክሪን አለ ወይ ብሎ ነው፣ በኋላ ሲመጣ የተላጠ ትከሻ ይዞ ነው። እኔም ባለቤቴን ይዤ የካቲት ላይ ከናንተ ከአንዳችሁ ፓኬጅ ገዝቼ ሞምባሳ ደርሼ መጥቻለሁ፣ ከማን እንደገዛሁ አልናገርም ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ቢሮ ጉዳይ አይደለም። የሁላችሁም ፍላየር አንድ ነው። ሰማያዊ ባህር፣ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውሃው የተጋደመ የኮኮናት ዛፍ፣ ከላይ በትልቁ "ለጫጉላ ልዩ ቅናሽ"፣ ከታች ስልክ ቁጥር። ስለ ሙቀቱ አንዲት ፊደል የለችበትም። ከ2,800 ሜትር በላይ ቀን 20 ዲግሪ ሲሞላ "ዛሬስ ሞቀ" ብሎ ጋቢውን ወደ ትከሻው ገፋ የሚያደርግ ህዝብ ነው እኮ የምትሸጡለት! ምነው ሸዋ!

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ የምትሸጡትን ወር ከምትሸጡት ባህር ጋር አስታርቁት። ሌላው የምጽፈው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኛ ጋ ሰርግ መቼ ነው? ጥር ነው። ከገና በኋላ አቢይ ጾም ሳይገባ። ያ ካመለጠ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት። ሌላ ጊዜ የሚያገባም አለ ግን ድንኳኑ አስፋልት ዳር ተደርድሮ የምታዩት በነዚህ ወራት ነው። አሁን ሞምባሳን እንመልከት፣ ከሷ ወደ ደቡብ ያለውን የዲያኒን ዳርቻ፣ ዛንዚባርን። እነዚህ ቦታዎች ከምድር ወገብ በታች ናቸው፣ ሞምባሳ ወደ ደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ናት። እኛ ጥር ላይ ውርጭ ሲጠብሰን ፀሐይ ወደነሱ ሄዳ ነው፣ ስትመለስ ደግሞ በነሱ አናት ላይ ነው የምታልፈው፣ መጋቢት መግቢያ ላይ ሞምባሳ እኩለ ቀን ላይ ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ስር ይገባል። ስለዚህ ከታህሳስ እስከ መጋቢት የነሱ ሙቀት ነው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ቀን 32፣ 33 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ከ24፣ 25 ብዙ አይወርድም። ባህሩ ራሱ ወደ 28፣ 29 ዲግሪ ነው፣ ልቀዝቅዝ ብላችሁ የገባችሁበት ውሃ ለብ ብሎ ይጠብቃችኋል። ከፋሲካ በኋላ የሚያገባው ደግሞ ምን ያገኘዋል መሰላችሁ፣ ዝናብ። ሚያዝያና ግንቦት የነሱ ትልቁ ዝናብ ነው፣ ግንቦት ላይ እንዲያውም ይብሳል፣ ከሆቴሎቹ ለእድሳት ብለው የሚዘጉ አሉ፣ ቅናሹም ከዚህ ነው የሚመጣው እንጂ ለኛ ሙሽራ ታስቦ አይደለም።

እንግዲህ አያችሁልኝ፣ ሁለቱ የሰርግ ወቅቶቻችን ልክ በሁለቱ አስቸጋሪ ወቅቶቻቸው ላይ ነው የወደቁት። ይሄን ያመጣው ሰው አይደለም፣ ጾሙና ፀሐይዋ ናቸው። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፣ ደንበኛው አያውቀውም፣ ቅሬታዬ እሱ ላይ ነው።

መፍትሄ የለውም ወይ ካላችሁ አለው፣ ያውም ለናንተ ገበያ የሚሆን። የነሱ ቀዝቃዛ ወቅት የኛ ክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ሞምባሳ ቀን 27፣ 28 ዲግሪ ነው፣ ሌሊት ወደ 20፣ 22 ይወርዳል፣ ኩሲ የሚሉት ከደቡብ ምስራቅ የሚመጣ ንፋስ አለ፣ እሱ ያናፍሳል። እኛ ጋ በዛን ጊዜ ጭቃ ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው፣ አስተማሪው እረፍት ላይ ነው፣ ልጆች ቤት ናቸው፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? እውነቱን ለመናገር ንፋሱ ባህሩን ትንሽ ያናውጠዋል፣ መነጽር አድርጎ ውሃ ውስጥ አሳ ማየት ለሚፈልግ ጥርና የካቲት ይሻላሉ፣ ያኔ ውሃው የጠራ ነው። ግን ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ኮራል የሚሉትን የባህር ውስጥ አለት ለማየት የሚሄድ ስንት ሰው አለ? አብዛኛው የሚሄደው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ፎቶ ሊነሳ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ሐምሌ በቂ ነው።

"የኛ ሙሽሮች ግን በጥር ነው የሚያገቡት ሐምሌን ምን ያደርጉታል" ትሉኝ ይሆናል። ጅቡቲ ውሰዷቸዋ! እውነቴን ነው የምለው። ጅቡቲ ከምድር ወገብ በላይ ናት፣ ካላንደሯ የሞምባሳ ግልባጭ ነው። በክረምት እሳት ናት፣ ሐምሌ ላይ 40 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ ካምሲን የሚባል ደረቅ ንፋስ ደግሞ ከበረሃ ይመጣል፣ ያኔ ባቡር ላይ ሰው ጭናችሁ ብትወስዱ ግፍ ነው። ጥር ላይ ግን ወደ 28፣ 29 ዲግሪ ነው፣ ማታ ነፋሻ ነው። ከዛ ሌላ በኅዳርና በጥር መሃል ዌል ሻርክ የሚሉት ትልቁ አሳ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ይመጣል፣ አርታ አካባቢ ሰው በጀልባ ሄዶ ያያል፣ ሰው አይበላም። የአሳል ሃይቅም አለ፣ ከባህር ወለል በታች 155 ሜትር፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ፣ ጨው ብቻ። ታርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው እዛ ቢወርድ የሚነግረው ወሬ አያልቅበትም። ለባቡሩም ከአዲስ አበባ መነሳት ይቻላል፣ መስመሩ 2018 እንደ ፈረንጅ መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ይሄን ፓኬጅ ለጥር ሙሽራ የሚሸጥ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ቢኖር ቀድሜ የማስተዋውቅለት እኔ ነኝ። ሆቴሉ ውድ ነው አውቃለሁ፣ አሸዋውም የሞምባሳን አያክልም፣ ቢሆንም ሰው በጫጉላው ሌሊት እንቅልፍ ማግኘት አለበት።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ይሄን ጉዳይ ሳነሳ ሁሌ የሚመጣብኝ መልስ አለ፣ "እኛ ሸዋ ሮቢት ወርደን አናውቅም ወይ?" ነው። እውነት ነው፣ ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ታርማበርን በዋሻው አልፈህ ደብረ ሲና ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ወደ 1,300 ሜትር ወርደሃል፣ ጃኬቱ ከመኪናው ወንበር ላይ ቀርቷል፣ ሸሚዝ ተከፍቷል፣ ብርቱካንና ሸንኮራ ገዝተህ ትበላለህ። ሙቀት ነው። ግን የሸዋ ሮቢት ሙቀት ላብህን ያደርቅልሃል፣ ጥላ ስር ስትገባ ትድናለህ፣ ማታም ትንሽ ይበርዳል። የባህር ዳርቻው ሌላ ነው፣ ወበቅ ነው። አየሩ እርጥበት ተሸክሟል፣ ላቡ ከሰውነትህ ይወጣል ግን የሚሄድበት የለም፣ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም፣ ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላብ ሲደርቅ ነው እንጂ ሲፈስ አይደለም። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ 32 እያለ ሰውዬው 40 ነው ብሎ የሚምለው። ጥላ ስር ተቀምጠህም ያልብሃል፣ ታጥበህ ፎጣ ይዘህ ሳትጨርስ ያልብሃል፣ አክንባሎ የተደፋበት እንጀራ ምን እንደሚሰማው እዛ ነው የገባኝ።

ሰውነት ይለምደዋል፣ አይለምደውም አልልም፣ ግን ለመልመድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የናንተ ፓኬጅ ደግሞ ሰውየው ሊለምድ ሲል ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ማን እንደሚያወጣው አላውቅም ግን መጀመሪያ ቀን ላይ ሙሉ ቀን ጉብኝት ባትጭኑ ጥሩ ነው። እኛን የወሰደን ልጅ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ተጫዋች፣ ግን ኦልድ ታውንና ፎርት ጂሰስን ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አደረገው፣ በእግር። ፎርት ጂሰስ ፖርቹጋሎች ከ1593 ጀምሮ የሰሩት ምሽግ ነው፣ በኮራል ድንጋይ፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል፣ ሊታይ ይገባዋል፣ ግን ግድግዳው ንፋስ አያሳልፍም፣ መሃሉ ክፍት ነው ጥላ የለውም። አብረውን አንዲት እናት ነበሩ፣ እቴቴ እንላቸዋለን፣ ልጃቸው ናት ከውጭ ገንዘብ ልካ የላከቻቸው። ጥላ ስር እንቀመጥ ስላቸው "አንተ ልጅ፣ እኔ ሸዋ ሮቢት እህል ስሸምት ነው ያረጀሁት፣ ሙቀት ልታስተምረኝ ነው?" አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ተለወጠ፣ ዞረብኝ አሉ፣ ቁጭ አልን፣ ሄዱብን ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላቸውን ውሃ ነክረን አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አደረግን፣ ባለቤቴ በብሮሹሩ አራገበችላቸው፣ አስጎብኚው ሮጦ ኮካ ይዞ መጣ፣ ኮካውን እኔ ጠጣሁትና ለሳቸው ውሃና ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ) ተሰጣቸው። ዳኑ፣ ማታውኑ እየሳቁ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አንደኛው ሽንት የሚያበዛው ነው። ቲኬቱን የሸጠላቸው ሰው አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ለምን ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ደንበኛ ስትመዘግቡ አንድ መስመር ጨምሩ፣ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" የምትል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ የመሳሰሉት ውሃና ጨው ከሰውነት ያስወጣሉ፣ በዛ ላይ ላቡ ሲጨመርበት ሰው ቶሎ ይደክማል። መድኃኒቱን አቁም በሉ አላልኩም፣ ማንም በራሱ እንዳያቆም፣ ከመሄዱ በፊት ሀኪሙን ይጠይቅ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለው፣ እኛ ጋ የተከፈተውን ኢንሱሊን መደርደሪያ ላይ ብናስቀምጠው ምንም አይሆንም፣ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው፣ እዛ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ከተተወ ይበላሻል፣ ሳይታወቅ ደግሞ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ክፍሉ ፍሪጅ አለው ወይ ተብሎ መጠየቅ ያለበት ከዚሁ ነው። ወባም አለ። የደብረ ብርሃን ሰው ወባ አያውቅም፣ ከፍታው አያስገባትም፣ ስለዚህ ሰውነታችን ምንም መከላከያ የለውም፣ የኬንያ ዳርቻ ላይ ደግሞ ወባ አለ። ዛንዚባር በጣም ቀንሷል። የመከላከያ ኪኒን አለ፣ ዶክሲሳይክሊን አንዱ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከጉዞው አንድ ወይ ሁለት ቀን በፊት ይጀመርና ከተመለሱ በኋላም ለአራት ሳምንት ይወሰዳል፣ ነፍሰ ጡር አትወስደውም፣ ደግሞ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፣ ስለዚህ እሱን እየወሰዱ ሙሉ ቀን አሸዋ ላይ መጋደም አይሆንም። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ያለው ሰው "ምች መታኝ" ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ እንዳይተኛ ንገሩልኝ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ የት እንደነበር ይናገር። ደብረ ብርሃን ላይ ማንም ወባን ቀድሞ አይጠረጥርም እኮ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሱት፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ይጠየቃል፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወጋት አለበት፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዴ የተወጋ ለእድሜ ልኩ ነው፣ ድገሙ እየተባለ ብር የሚከፍል ሰው አሁንም አያለሁ።

ስለ ፀሐይ "እኛ ጥቁር ነን አያቃጥለንም" የሚል ሰው አለ። ያቃጥላል። ደጋ ላይ ፀሐይ የለችም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ጠንካራ ናት፣ ግን እኛ ስንወለድ ጀምሮ ተሸፋፍነን ነው የኖርነው፣ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ፊትና እጅ ብቻ ነው ውጭ የሚውለው። ጀርባው ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ሸሚዙን አውልቆ ሲውል፣ በዛ ላይ ውሃውና ነጩ አሸዋ ሲያንጸባርቁበት፣ ማታ ጀርባው ላይ መተኛት አይችልም። ለሙሽራ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ዋና። ይሄን ቀልድ አላደርገውም። የኛ ሰው ውሃ የሚያውቀው ጸበል ላይና ጥምቀት ላይ ነው፣ በዛ ቢባል በረሳ ወንዝ ላይ እስከ ጉልበት። ባህር ዳርቻው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ አይነት አይደለም፣ ይሞላል ይጎድላል፣ ታይድ የሚሉት ነው። በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፣ በሙላቱና በጉድለቱ መሃል እስከ 3 ሜትር ከዛም በላይ ልዩነት አለው። ሲጎድል ባህሩ ሩቅ ይሄዳል፣ ዛንዚባር ምስራቁ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ ሲሸሽ ባህሩን ለማግኘት ረጅም መንገድ በእግር ነው፣ ሰው ጠዋት ተነስቶ "ባህሩን የት ወሰዱት" ይላል። በእግር ኮራሉ ድረስ መሄድ ይቻላል፣ ደስ ይላል፣ ግን ጥቁር እሾሃም የባህር ፍጥረት አለ ከረገጡት እሾሁ ይሰበርና እግር ውስጥ ይቀራል፣ ጫማ ያስፈልጋል፣ ላስቲክ ጫማ ይበቃል። ሁለተኛው ደግሞ ውሃው ሲመለስ ቀስ ብሎ ከኋላ በዝቅተኛው በኩል ነው የሚመጣው፣ ሴልፊ ላይ ያለ ሰው ሳያየው ይከበባል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፣ አበቅቴ የሚቆጥሩ ደብተራዎች ላሉበት አገር ይሄን ማስላት ከባድ መሆን አልነበረበትም። የየቀኑ የታይድ ሰንጠረዥ ሆቴሉ ጋ ይገኛል፣ ኢንተርኔትም ላይ አለ፣ ግሩፑ ላይ ጠዋት ጠዋት ፖስት ማድረግ ምን ያህል ስራ ነው? መዋኘት የማይችል ሰው በደረት ልክ ውሃ ውስጥ ምንም ስራ እንደሌለውም ንገሩት፣ በወገብ ልክ ይበቃዋል፣ ቢራ ጠጥቶ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። እኛ የቢራ ፋብሪካ ከተማ ልጆች ስለሆንን ነው ደጋግሜ የምለው።

መልካም ነገሩን ደብቄ ክፉውን ብቻ እንዳላወራ ደግሞ ይሄን ልበል። ከኛ ደጋ የወረደ ሰው እዛ የሚያገኛቸው የሚገርሙ ነገሮች አሉ። ትንፋሹ ይረዝማል፣ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ደረጃ ላይ አያለከልክም። ሻዩ ምላስ ያቃጥላል፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው እዛ በ100 ነው፣ ባለቤቴ ምስርዋ ቶሎ በሰለልኝ ብላ ከሆቴሉ ኩክ ጋ ወዳጅነት የፈጠረችው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዓታቸው ደግሞ እንደኛ ነው! ስዋሂሊ ተናጋሪ ሲያወራ ጠዋት አንድ ሰዓትን አንድ ሰዓት ነው የሚለው፣ ሳ ናኔ ካላችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ወረቀት ላይ ግን በፈረንጅ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ጀልባ ስትቀጥሩ በአፍ ተነጋገሩ። ጾም ላይ የሄደም አይራብም፣ ባቄላ የሚመስለውን ምባዚ በኮኮናት ወተት ይሰሩታል፣ ጠዋት ማሃምሪ ከሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ጋር ይበላል፣ ማሃምሪው እንቁላል አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ሩዙም በኮኮናት ነው። አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ አልገባበትም፣ አባቶችን ጠይቁ። ኦልድ ታውን የሙስሊም ሰፈር ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ደግ ነው፣ ረመዳን ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ መንገድ ላይ መብላት ነውር ነው፣ ለዚህ ሁሉ ነጠላ ትበቃለች፣ ቀጭን ጥጥ ናት፣ ላብ ትጠጣለች፣ ጥላ ትሆናለች፣ ጂንስ ግን ከዚሁ ቤት ይቅር፣ እዛ ታጥቦም አይደርቅም።

መመለሻውንም አስቡበት። ሙሽሮች ከ33 ዲግሪ ተነስተው ቦሌ ማታ ይደርሳሉ፣ ከዛ 130 ኪሎ ሜትር፣ ጥር ላይ ሌሊት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በአጭር እጅጌ። ተቀባዩ ጋቢ ይዞ ይምጣ ብሎ ቴክስት መላክ ብር አይጠይቅም። ከባህር ወለል ወደ 2,800 ሜትር በአንድ ቀን ሲወጣ እራስ ምታት የሚይዘው ሰውም አለ፣ አንድ ሁለት ቀን አርፎ ነው ስራ መግባት ያለበት፣ ፓኬጁ እሁድ ማታ አምጥቶ ሰኞ ጠዋት ቢሮ የሚያስገባ መሆን የለበትም።

እና እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይሄ ነው። ፍላየሩ ላይ ከዋጋው አጠገብ የዛን ወር ሙቀት ጻፉ፣ የቀኑንም የሌሊቱንም። ክፍሉ ኤሲ አለው ወይስ ፋን ብቻ የሚለውን በግልጽ ጻፉ፣ በየካቲት ፋን ያንኑ ወበቅ ነው የሚያዞረው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩንም ጠይቁ። ጉብኝቱን ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት አድርጉት፣ ከዛ ሰው ይረፍ፣ እንደገና ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ፣ የዳርቻው ሰዎች ራሳቸው እንደዛ ነው የሚኖሩት፣ ቀትር ላይ የሚንቀሳቀሰው ቱሪስት ብቻ ነው። የክረምት ፓኬጅ ለአስተማሪዎች አውጡ። የጥሩን ደግሞ ወደ ጅቡቲ አዙሩት፣ ወይ ሙሽራው የግድ ሞምባሳ ካለ አውቆ ይሂድ፣ አውቆ የሄደ ሰው እኮ አያማርርም፣ ኤሲ ያለው ክፍል ይከፍልና ቀትርን ተኝቶ ያሳልፋል፣ ጫጉላ ነው ማን ይወቅሰዋል።

ሚዜዎችም ስሙ፣ ለሙሽራ ቲኬት ስታዋጡ ከምትጨምሩት ብር ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ሰንስክሪን፣ ለምለም፣ የወባ ኪኒንና አጎበር ግዙላቸው፣ ከኬኩ ይልቅ ይጠቅማል፣ ኬኩን ማንም አይበላውም።

የጥር ሙሽሮች ቦታ የሚይዙት ኅዳር ላይ ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት ሳያልቅ ብታስተካክሉት ይደርሳል። እኔ የሞምባሳን፣ የዛንዚባርንና የጅቡቲን ወራት በኛ ካላንደር አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ፋርማሲው መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ብትጠቀሙበት ፈቃዴ ነው፣ ስሜን መጥቀስ አያስፈልግም። የተሳሳተ ቁጥር ያገኘ ካለ ገብቶ ይንገረኝ፣ እሁድ ዝግ ነን።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ብርሃን